ካሳ መጠየቅ ልመና ነው? ስለ ቅኝ አገዛዝ ካሳ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአፍሪካ ኅብረት የ2025 (እ.ኤ.አ.) መሪ ቃሉን ካሳ ላይ ካደረገ ወዲህ ጉዳዩ በእኛም ዘንድ በየጨዋታው መሃል ይነሳል። ሲነሳ ግን ቶሎ ይዘጋል፤ «የማይሆን ነገር ነው፣ ለማኝ ያስመስለናል» ይባላል። ይህ አባባል እኔን ያመኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ኢትዮጵያ በቅኝ አልተገዛችም፤ ካሳ እኛን አይመለከተንም»

ቅኝ ሳንገዛ መኖራችን እውነት ነው። ሳንበደል ኖርን ማለት ግን አይደለም። የፋሺስት ጣሊያን ጦር ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ አዝንቧል፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነውን የማያውቅ የለም፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሽነዋል። ጦርነቱ ሲያበቃ አገራችን ኀዘኗን ብቻ ይዛ አልተቀመጠችም። 760,300 ሰው እንደሞተባት፣ 2,000 አብያተ ክርስቲያናትና 525,000 ቤቶች እንደጠፉባት ዘርዝራ 184,746,023 ፓውንድ ጠየቀች። እስከ መጨረሻዋ ሦስት ፓውንድ ድረስ! እንዲህ ቆጥሮ የሚጠይቅ ባለመብት ነው እንጂ ለማኝ አይባልም።

የካቲት 1947 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ወሰነ። ለዩጎዝላቪያ የተወሰነው 125 ሚሊዮን፣ ለግሪክ ደግሞ 105 ሚሊዮን ነበር። ልዩነቱን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። ያችው ገንዘብ እንኳ በኋላ በድርድር ተቀነሰች። የቆቃ ግድብ የተሠራው ከዚህ ካሳ ነው። ከሞጆ ወደ መቂ ስትሄዱ የምታዩት ሐይቅ የዚያ ግድብ ውሃ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሳያውቀው በአጠገቡ ያልፋል።

«ካሳ የከፈለ ቅኝ ገዢ የለም»

አለ። የኬንያን ነገር ተመልከቱ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዞች አገዛዛቸውን በታገለው የማው ማው ንቅናቄ ጠርጥረው በየካምፑ ያሰቃዩአቸው ጥቂት ሰዎች አርጅተው፣ በምርኩዝ እየተደገፉ ለንደን ፍርድ ቤት ቀረቡ። የእንግሊዝ መንግሥት መጀመሪያ «ኃላፊነቱ በነጻነት ጊዜ ወደ ኬንያ መንግሥት ተላልፏል» አለ፤ አልሆነለትም። ቀጥሎ «ጊዜው አልፎበታል» አለ፤ እሱንም ዳኛው አልተቀበለውም። በክርክሩ መሃል ደግሞ ሃንስሎፕ ፓርክ በሚባል ቦታ ለአሥርት ዓመታት ተደብቀው የቆዩ የቅኝ አገዛዝ ሰነዶች ወጡ። ሰኔ 2013 (እ.ኤ.አ.) የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊሊያም ሄግ ፓርላማ ቆመው ስቃይ መፈጸሙን አመኑ፤ ለ5,228 ሰዎች፣ የክርክሩን ወጪ ጨምሮ፣ 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚከፈል ተናገሩ። ለአንድ ሰው ሲደርስ ብዙ አይደለም። ግን ብሩ የገባው በደሉ በተፈጸመባቸው ሰዎች እጅ ነው፤ «ካሳ የሹማምንት ኪስ ማድለቢያ ይሆናል» ብለው ለሚሰጉም መልሱ እዚሁ አለ።

ጣሊያንም ብትሆን በ2008 (እ.ኤ.አ.) ለሊቢያ በ20 ዓመት ውስጥ 5 ቢሊዮን ዶላር ልትሰጥ ፈርማ ነበር፤ የሊቢያ ጦርነት ነው ያቋረጠው።

«በዳዩም ተበዳዩም ሞተዋል፤ የዛሬ ግብር ከፋይ ለምን ይከፍላል?»

የመንግሥት ዕዳ ከሹሙ ጋር አይቀበርም። እንግሊዝ ባርነትን ስታስቀር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ የከፈለችው ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ነበር፤ ባሪያ ሆነው የኖሩት ምንም አላገኙም። ለዚያ የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 (እ.ኤ.አ.) ነው። የሄይቲ ደግሞ ይብሳል። ራሳቸውን ነጻ ያወጡ ሰዎች ከ1825 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለፈረንሳይ «ካሳ» ክፈሉ ተብለው፣ የዚያ ዕዳ ርዝራዥ እስከ 1947 (እ.ኤ.አ.) ዘልቋል። ለአሳዳሪው ሲሆን ጊዜ አላለፈም፤ ለተበደለው ሲሆን እንዴት ያልፋል?

«መንገድ ሠርተውልን የለም እንዴ?»

ጣሊያኖች የጣርማ በርን ዋሻ የቆፈሩት ጦራቸውን ለማመላለስ ነው። ቤትህን ቀምቶ የተቀመጠ ሰው ግድግዳውን ስለቀባ ኪራይ አይጠይቅህም።

«ገንዘቡ ከተከፈለ ነገሩ ያልቃል»

በእኛ አገር የደም እርቅ ሽማግሌዎች ገንዘብ ከመቁጠራቸው በፊት በዳዩን ጥፋቱን ያሳምኑታል። ጀርመን በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሄሬሮዎችና ናማዎች ላይ የፈጸመችውን የዘር ማጥፋት አምና ለናሚቢያ በ30 ዓመት 1.1 ቢሊዮን ዩሮ ልትሰጥ ተስማማች፤ «ካሳ» የሚለውን ቃል ግን አልፈለገችውም። ከተወላጆቹ ብዙዎቹ ስምምነቱን አንቀበልም ያሉት ስለዚህም ጭምር ነው፤ እኔም እውነት አላቸው እላለሁ።

የእኛም አልተዘጋም። ግራዚያኒ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው አንድ ቀን አልተዳኘም። የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ ነው፤ ከወራት በኋላም ተፈታ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ጣሊያን ውስጥ አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ተሠርቶለታል። የፓሪሱ ውል የተዘረፉ ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ ይመለሱ ብሎ ነበር። የአክሱም ሐውልት ግን ሮም እንደቆመ መብረቅ መታው፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ አክሱም የገባው ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ በወረራው ዘመን የተወሰደችው «ፀሐይ» የተባለች ትንሽ አውሮፕላን የተመለሰችው ደግሞ ጥር 2016 ዓ.ም. ነው።