«ቢቻልስ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ግሸን የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። መስከረም 21 ለንግሥ ሲወጣ መጨረሻው ዳገት ላይ የሰው ሁሉ ትንፋሽ ያጥራል፤ መዝሙሩም ይቆራረጣል። አንድ ዓመት እዚያ ዳገት ላይ ከፊቴ አንድ ወጣት የእህቱን ነጠላ ጫፍ ጨብጦ ይወጣ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ነጭ ጥሎባቸዋል። አንዱን በልጅነቱ የማሽላ አገዳ ወግቶት ነው፤ ሌላው ታሞ ቆስሎ በጠባሳ የዳነ ነው። ይህን የነገረችኝ እህቱ ናት። ከላይ ስንደርስ «ተራራው እውነት መስቀል ይመስላል?» ብሎ ጠየቃት። መዳፉን ዘረጋችና በጣቷ መስቀል ሠራችለት፤ አንዴ ቁልቁል፣ አንዴ አግድም። ልጁ መዳፉን ጨብጦ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ወዲህ የገላትያን መልእክት ሳነብ አንድ ቃል ላይ እቆማለሁ። ቅዱስ ጳውሎስ በምዕራፍ 4 ቁጥር 15 ላይ የገላትያን ሰዎች ፍቅር ሲመሰክር፣ ቢቻል ዓይኖቻቸውን እንኳ አውጥተው ይሰጡት እንደ ነበር ይናገራል። «ቢቻልስ» ነው የሚለው። በእሱ ዘመን አይቻልም ነበርና! የገላትያ ሰዎች ፍቅሩ ነበራቸው፤ መንገዱ ግን አልነበራቸውም።

ሐዋርያው ይህን ከጻፈ ከ1800 ዓመት በላይ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ኤድዋርድ ዚርም የሚባል የዓይን ሐኪም፣ ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር፣ ኖራ ዓይኑን ያቃጠለውን ሠራተኛ ከሌላ ሰው በተወሰደ የዓይን ብሌን፣ ማለት ከዓይን ፊት ለፊት ባለችው ስስ ሽፋን፣ እንዲያይ አደረገው። በእኛም አገር የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ተቋቁሞ፣ ሰዎች ከሞት በኋላ ብሌናቸውን ለመስጠት በሕይወት ሳሉ ቃል የሚገቡበት በር ተከፍቷል። በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ያረፉት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ቃል ከገቡት አንዱ ናቸው። እንግዲህ «ቢቻልስ» የሚለው ሰበብ በእኛ ዘመን የለም።

ይህን በጉባኤ ሳነሣ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «መምህር፣ በትንሣኤ ጊዜ ያለ ዓይን ልነሣ ነው?» በጥያቄው አልስቅም። ሥጋችን እንደሚነሣ የምናምን ሰዎች ነንና ስለ ሥጋችን ብንጠነቀቅ ያምርብናል። ግን ሰማዕታቱን እናስብ። ቅዱስ ጊዮርጊስን ፈጭተው አመዱን በደብረ ይድራስ በተኑት፤ ጌታ አስነሣው። በኅዳር 27 የምናከብረው ያዕቆብ ስሙ ራሱ «ዘግሙድ» ነው፤ ጣቱን፣ እጁን፣ እግሩን እያሉ እየቆራረጡት የሞተ። እዚሁ ወሎ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በአባ ኢየሱስ ሞዐ እግር ሥር የተማሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው ተሰብሮ ወድቆ፣ ቤተ ክርስቲያን ያንን ስባረ ዐፅም በጥር 24 ታከብረዋለች። ከእነዚህ አንዳቸው ጎድለው ይነሣሉ የሚል ክርስቲያን የለም። ከአፈር ለሚያስነሣን አምላክ ስስ ሽፋን አትከብደውም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ የሰው ዓይን አፈር ውስጥ ቀድመው ከሚጠፉት ነው። የምንሰስተው ለምስጥ ነው።

እኛ የወሎ ልጆች ደግሞ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ግሸን የምንወጣው ለምንድን ነው? ለግማደ መስቀሉ። ግማድ ማለት ቁራጭ ማለት ነው። ሙሉ መስቀሉ እዚያ የለም፤ ስለዚህ በረከቱም ቁራጭ ነው ያለ አባት ግን አልሰማሁም። ተካፍሎ ወደ ብዙ አገር ሄዷል፤ ለእኛም ደርሶናል።

ሁለተኛው ጥያቄ የቅሬ፣ ማለት የእድር፣ ሰዎች ጥያቄ ነው፤ «ሬሳው ይበላሻል፣ ግንዘትና ፍትሐት ይዘገያል።» የሚወሰደው ከዓይን ፊት ለፊት ያለችው፣ እንደ መስታወት የጠራች፣ ውፍረቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል ሽፋን ናት። ሥራው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል፤ የዓይን ቆቡ ይከደናል፤ ፊቱ እንደ ነበረ ሆኖ ይገነዛል። ይህች ሽፋን ደም ሥር የላትም። ስለዚህም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ኩላሊት የደም ዓይነት መመሳሰል ሳይፈለግ ትተከላለች፤ የአንድ ሟች ሁለት ብሌኖችም ለሁለት ሰው ይደርሳሉ። መነጽር ማድረግ አይከለክልም፤ የዓይን ሞራ የነበረበት ሰውም ይሰጣል፤ ሞራው ያለው ከብሌኑ በስተኋላ ነውና። ኤችአይቪን፣ የጉበት ቫይረስን ወይም የእብድ ውሻ በሽታን በመሰለ ሕመም የሞተ ሰው ግን አይሰጥም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ዓይኑ የጠፋ ሁሉ በዚህ አያይም። ሞራ ሌላ ቀዶ ሕክምና አለው። ወረንጦ ይዘው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ሽፋሽፍታቸውን የሚነቅሉ እናቶቻችን፣ በትራኮማ ቆባቸው ወደ ውስጥ የታጠፈባቸው፣ ከሁሉ በፊት የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው የሚያስፈልጋቸው። ቀድሞ መታጠቢያ ውኃ ቢኖር ደግሞ ይሻል ነበር። ጠባሳ ብሌኑን ያደበዘዘበት፣ እንደዚያ የግሸኑ ልጅ ያለው ሰው ነው ከሐኪም ጋር ስለ ንቅለ ተከላ የሚነጋገረው። ኩላሊትም የራሱ መንገድ አለው፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው በሕይወት ያለ ዘመድ ለዘመዱ ሲሰጥ ነው። ገንዘብ የገባበት የአካል ንግድ ግን ስጦታ አይባልም፤ ሕግም ይከለክለዋል።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። አጎቴ ሥራም ኑሮም አዲስ አበባ ነበር፤ ያረፈውም እዚያው ነው፣ ሌሊት። እኛ መኪና ፍለጋ፣ ሣጥን ፍለጋ፣ ደሴ መደወል ላይ ነበርን። ጣርማ በርን ስናልፍ ነግቶ ጉሙ ተነሥቶ እንደ ነበር ትዝ ይለኛል። በሠልስቱ ማግስት አክስቴ ልብሱን ስታጣጥፍ ውዳሴ ማርያሙን ከፈተችው፤ ዓይኑን ለመስጠት ቃል የገባበት ካርድ ከማክሰኞው ምዕራፍ መሐል ወደቀ። ብሌን የሚወሰደው ሰው ባረፈ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው። ባንኩ እዚያው አዲስ አበባ ነበር፤ እኛ ግን አስከሬኑን ይዘን 400 ኪሎ ሜትር ርቀን ሄደናል። አጎቴ ድርሻውን ፈጽሟል፤ ያላወቅነው እኛ ነን። ለነገሩ ቢነግረን ኖሮስ? «ሟርት አትናገር» ብለን አፉን እንዘጋው እንደ ነበር አውቃለሁ።

ካርዱ ብቻውን አይደውልም፤ የሚደውለው ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ እምቢ ካለም ነገሩ ይቀራል። ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቃል የምትገቡ ከሆነ አስቀድማችሁ ንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ከዚያ ለባል፣ ለሚስት፣ ለልጅ ተናገሩ፤ የቅሬውን ዳኛም ጨምሩ፤ በዚያች ሰዓት ነገሩን የሚመራው እሱ ነውና። አካባቢያችሁ ባለው ሆስፒታል የዓይን ክፍል ገብታችሁ ስለ ርቀቱና ስለ ሰዓቱ ጠይቁ። ግራህ ቀኝህ የምትሠራውን አትወቅ የሚለው የጌታ ቃል ለምጽዋታችን ነው፤ እዚህም ተቀባዩ ማን እንደ ሆነ ሰጪው አያውቅም፣ አያመሰግነውም፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም አይጠየቅም። በአንድ ጓሮ ለምንኖር ለወሎዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የቤት ሰው ግን ማወቅ አለበት።

እኔ ለእናቴ የነገርኳት ባለፈው እሑድ፣ ሁለተኛው ቡና ሲወርድ ነው። ረከቦቱ ላይ ዓይኗን ተክላ ብዙ ዝም አለች። «የኔን ማን ይፈልገዋል፣ ልጄ፤ ደክሟል» አለችኝ። ዕድሜ እንደማይከለክል፣ መነጽርም እንደማይከለክል ነገርኳት።

«መነጽሬንስ አብረው ይወስዱታል?»

«አይወስዱም።»

«እንግዲያ ለእህትህ ይሁን» አለች። ካርዷን ስትቀበል የምታስቀምጠው ውዳሴ ማርያሟ ውስጥ እንዳይሆን ለመንኳት። ሳቀችብኝ። የቅሬ መዋጮ ደብተሯ ውስጥ እንደሚሆን ነገረችኝ፤ ስትሞት መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነዋ።