ኪያር ብሎ ሰደበኝ መሰለኝ፦ የፈረንጅ «እንደ...» አባባሎችና ስንቱን እንደተሳሳትን

አሜሪካ በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ሰሃን አጥብ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ማሽኑ ቆመ። ሰሃኑ ተከመረ፣ አስተናጋጁ ይጮሃል፣ ሼፉ ይሳደባል። እኔ አንገቴን ደፍቼ በእጄ አጥባለሁ። አለቃዬ ትከሻዬን ቸብ አደረገና «ኩል አዝ ኤ ኪውከምበር» ብሎኝ አለፈ። ኪውከምበር ኪያር መሆኑን አውቃለሁ። ኩል ቀዝቃዛ መሆኑንም አውቃለሁ። ቀዝቃዛ ኪያር! እኛ ጋ ሰውን ቀዝቃዛ ማለት ፈዛዛ፣ ነፍስ የማይዘራ ማለት እኮ ነው። ሌሊቱን ተናድጄ አደርኩ። ጠዋት ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀና «አንተ ጅል፣ አድንቆህ እኮ ነው» አለኝ።

ለካ ሁሉ ሲንጫጫ ተረጋግቶ ለሚሠራ ሰው ነው የሚባለው። አባባሉ እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆን ጌይ በ1732 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በጻፈው ግጥም ውስጥ አለ፣ ስለዚህ አለቃዬ አልፈጠረውም። ኪያር በተፈጥሮው የማይሞቅ ነገር አለው የሚሉም አሉ። የለውም። ዘጠና አምስት በመቶው ውሃ ስለሆነ አፍ ላይ ይቀዘቅዛል እንጂ፣ ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ ብትተዉት እንደ ክፍሉ ይሞቃል።

ከዚያ ወዲህ እነዚህን አባባሎች መልቀም ልማድ ሆነብኝ። ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ቴሌግራም ላይ ከየአባባሉ ሥር የሚጻፈው ታሪክ ባማረ ቁጥር ውሸት የመሆን ዕድሉ ከፍ ማለቱን ነው።

«ማድ አዝ ኤ ሃተር ከልጆች መጽሐፍ የወጣ ነው»

እንደ ባርኔጣ ሠሪ ያበደ ማለት ነው። ብዙ ሰው ሉዊስ ካሮል በ1865 ባሳተመው የአሊስ ታሪክ ውስጥ ካለው ባርኔጣ ሠሪ የመጣ ይመስለዋል። ግን አባባሉ በ1829 በወጣ የስኮትላንድ መጽሔት ላይ ታትሟል። በ1830ዎቹ ደግሞ በካናዳ የኖቫ ስኮሺያው ዳኛና ጸሐፊ ቶማስ ሃሊበርተን፣ አንዲት ሴት ተቆጥታ ከክፍል ስትወጣ ሊገልጽ ተጠቅሞበታል። ልብ በሉ፣ እዚያ ላይ ማድ ማለት እብድ ሳይሆን የተናደደ ነው። እንዲያውም ካሮል ገጸ ባሕርይውን የትም ቦታ «እብዱ ባርኔጣ ሠሪ» ብሎ አልጠራውም፤ ባርኔጣ ሠሪው ብቻ ነው የሚለው። ስሙን የጨመርንለት እኛ ነን።

ሁለተኛው ታሪክ የሜርኩሪ፣ ማለትም የባዜቃ ነው፤ ይሄኛው ግማሹ እውነት ነው። ባርኔጣ የሚሠራበትን የጥንቸል ፀጉር ሠራተኞቹ በሜርኩሪ ውህድ ያሹት ነበር፣ ፀጉሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ወፍራም ጨርቅ እንዲሆን። ከዚያ በጠባብ ክፍል በእንፋሎት ሲሠሩት ባዜቃውን በትንፋሻቸው ይስቡታል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጫቸው ይዝረከረካል፣ ሰው ያፍራሉ፣ በትንሽ ነገር ይቆጣሉ። የባርኔጣ ከተማ በነበረችው በዳንበሪ፣ ኮኔቲከት፣ በሽታው «የዳንበሪ መንቀጥቀጥ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። አሜሪካ በዚህ ሥራ ላይ ሜርኩሪን ያስቆመችው በ1941 ነው። በሽታው እንግዲህ የማያከራክር ነው፣ ሰዎቹም በከንቱ ተጎድተዋል። አባባሉ ከበሽታው መጣ የሚለው ግን ኋላ ሰዎች ነገሩን ከነገር አገናኝተው የደረሱበት ግምት ነው፤ አባባሉን መጀመሪያ የጻፉት ስለ ሜርኩሪ አንድም ነገር አላሉም።

«አሳማ በጣም ያልበዋል»

ስዌት ላይክ ኤ ፒግ፣ ማለትም በላብ መጠመቅ። ችግሩ፣ አሳማ አያልበውም ማለት ይቻላል። የሚሠሩ የላብ ዕጢዎቹ እጅግ ጥቂት ናቸው፣ ጭቃ ውስጥ የሚንከባለለውም ለመቀዝቀዝ ነው። ሰው አሳማን ቆሻሻ እያለ ይሰድባል፤ ምስኪኑ ግን ላብ ስለሌለው ጭቃውን ተበድሮ ነው።

ይህን ያወቁ ሰዎች ሌላ ታሪክ አመጡ። ብረት ቀልጦ ወደ ቅርጽ ማውጫ ሲፈስ ከዋናው ቦይ ጎን ለጎን የሚሰለፉት ትንንሽ ቅርጾች እናታቸውን የሚጠቡ ግልገል አሳማዎች ስለሚመስሉ ብረቱ ፒግ አይረን ይባላል። ይሄ እውነት ነው። ከዚያ «ብረቱ ሲበርድ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ እንደ ላብ ጠብ ጠብ ይላል፣ አባባሉ ከዚያ ነው» ይሉናል። ቆንጆ ታሪክ ነው፣ የጽሑፍ ማስረጃ ግን የለውም። ለነገሩ ንጽጽር ለመፍጠር ማን የእንስሳት ሐኪም አማከረ? ወፍራም፣ ጭቃ ያለበት፣ የሚያቃስት እንስሳ አይተው አሉ፣ አለቀ።

እንዲህ ከሆነ የሌሊት ወፍም መከሰሷ አይቀርም። ብላይንድ አዝ ኤ ባት ይላሉ፣ እንደ ሌሊት ወፍ ዕውር። ዕውር የሌሊት ወፍ የለም። ፍራፍሬ የሚበሉት ትልልቆቹማ ዓይናቸው የታወቀ ነው። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ስፓላንዛኒ በ1790ዎቹ ዓይናቸውን ሲጋርዳቸው ያለ ችግር በረሩ፣ ጆሮአቸውን ሲደፍንባቸው ግን ከግድግዳ ተላተሙ፤ በድምፅ ማሚቶ መንገድ እንደሚያገኙ የተረጋገጠው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እኛም ብዙ አንሳቅ፣ ግልገሏን የምታጠባ እንስሳ ወፍ ብለን ስም ያወጣን ሰዎች ነን።

«ክላም ፈገግ ስለሚል ደስተኛ ነው»

ሃፒ አዝ ኤ ክላም አሜሪካ ውስጥ ትሰሙታላችሁ። ክላም በባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ የሚቀበር ባለ ሁለት ቅርፊት እንስሳ ነው። ቅርፊቱ ሲከፈት ፈገግታ ይመስላል የሚል ማብራሪያ አለ፤ ተዉት። ሙሉው አባባል «ባሕሩ ሲሞላ እንዳለ ክላም ደስተኛ» ነው። ክላም ለቃሚዎች አካፋ ይዘው የሚመጡት ውሃው ሲሸሽ ነዋ! ባሕሩ ሲሞላ ማን ያገኘዋል? ሰው ሁለተኛውን ግማሽ እያሳጠረው ሄደና ጠፋ። እኛ «ቀስ በቀስ» ብለን ብናቆም እንቁላሉ በእግሩ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። የኛን የሚጨርስ ሰው አለ፣ የእነሱን ግን ረሱት።

አሁን ደግሞ የምወደው። ቦልድ አዝ ኤ ኩት ሲሉ ሙልጭ ያለ መላጣ ማለታቸው ነው። ኩት ጥቁር የውሃ ወፍ ነው፣ ዘመዱ በእኛም ሐይቆች ላይ ይዋኛል። መላጣ አይደለም! ግንባሩ ላይ ነጭ ነገር አለው እንጂ። ነገሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው፤ በድሮው እንግሊዝኛ ቦልድ ነጭ ምልክት ያለበት ማለትም ነበር። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን በሬ የገጠር ሰው ምን ይለዋል? ቦቃ። በቃ ያ ነው። ቦልድ ኢግል የሚሉት የአሜሪካው ንስርም መላጣ ሳይሆን ቦቃ ነው።

«ዴድ አዝ ኤ ዶርኔይልን ዲከንስ ፈጠረው»

እንደ በር ምስማር የሞተ። እንግሊዛዊው ደራሲ ዲከንስ በ1843 የገና ታሪኩን በዚህ ስለጀመረ ለእሱ የሚሰጡት ብዙ ናቸው። ሼክስፒር ቀድሞታል፣ ሼክስፒርንም በ1350 አካባቢ ከፈረንሳይኛ የተመለሰ ግጥም ቀድሞታል። ዲከንስ ራሱ እዚያው ላይ «ለምን የሬሳ ሣጥን ምስማር አልተባለም» እያለ ይገረማል። እኔን የሚያሳምነኝ የአናጺዎች ማብራሪያ ነው። ረጅም ምስማር በሳንቃው አሳልፈው ጫፉን በመዶሻ ያጥፉታል። የታጠፈ ምስማር ተነቅሎ ዳግም አያገለግልም፤ ሞቷል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ቲክ አዝ ቲቭስ ወፍራም ወይም ደደብ ሌቦች ማለት አይደለም፣ ምስጢር የሚካፈሉ የልብ ወዳጆች ማለት ነው። ፕሊዝድ አዝ ፐንች፣ እንደ ፐንች የተደሰተ፣ ውስጥ ያለው ፐንች ቡጢም መጠጥም አይደለም፤ ያገኘውን ሁሉ በዱላ ቀጥቅጦ የሚደሰት አሻንጉሊት ነው፣ ዘሩ ከጣሊያን። እንግሊዛዊው የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊ ሳሙኤል ፒፕስ ለንደን ውስጥ ትርኢቱን ማየቱን በግንቦት 1662 ማስታወሻው ላይ ጽፏል። ድራንክ አዝ ኤ ስከንክ፣ እንደ ስከንክ የሰከረ፣ ለሚለው ደግሞ ምንም ታሪክ አትፈልጉለት፤ ስከንክ ሲፈራ የሚገማ ፈሳሽ የሚረጭ የአሜሪካ እንስሳ ነው፤ ስከንክ አይጠጣም፣ ቃሉ ከድራንክ ጋር ቤት ስለመታ ብቻ ነው የተመረጠው።

ራይት አዝ ሬይንም እንደዚያው ነው። ደህና ነኝ፣ ሁሉም ሰላም ነው ማለት ነው፤ ሬይን፣ ማለትም ዝናብ፣ የገባው እንደ ራይት በአር ድምፅ ስለሚጀምር ነው። ዝናብ ያማረራቸው እንግሊዞች ዝናብን ከደህንነት ጋር ማገናኘታቸው ለብዙዎች እንቆቅልሽ ነው። ለእናቴ ግን ስነግራት ምንም አልገረማትም። «እና ዝናብ ከዘነበ ምን ቀረ?» አለችኝ።