«ሳይቃጠል በቅጠል»፦ ቅጠሉን ማን ጣለው?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የጎረቤታሞች አገሮች ጠብ ተነሥቶ፣ አንድ እንግዳ «ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቀድሞ መምታት ይሻላል» ሲሉ ሰማሁ። አዘጋጁም «ልክ ነው» ብሎ አለፈው። ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ጦር ሰብቆ ድንበር መሻገርና ቅጠል ምን አገናኛቸው?

የአባባሉን ትርጉም የማያውቅ የለም። ሁላችንም ግን «ሳይቃጠል» የሚለውን ይዘን «በቅጠል» የሚለውን ጥለነዋል። ጊዜውን ስናስብ መሣሪያውን ረስተነዋል።

ባደግሁበት ገጠር ግንቦት ገብቶ ዝናቡ ሳይጥል፣ ተመንጥሮ የደረቀው ቁጥቋጦ ይቃጠላል። ከማሳው በላይ የጎረቤት ገለባ ተከምሯል፤ ከክምሩ ጀርባ የሣር ክዳን ቤቶች አሉ። ስለዚህ እሳት ከመለኮሱ በፊት ልጆች ሁሉ ቅጠል ቆርጠን እንድናመጣ እንታዘዛለን። ቅጠሉ ተቆርጦ፣ ተቆጥሮ፣ ሰው በማሳው ዙሪያ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው ክብሪት የሚጫረው። አንድ ዓመት እኔ ለመስበር ቀሎኝ ክትክታ ይዤ መጣሁ። አያቴ ከእጄ ነጥቀው ወዲያ ጣሉት። «ይህ እኮ እርጥቡም ይነዳል፤ ችቦ ይዘህ እሳት ልትጠብቅ ነው?» አሉኝና ሰፊ ቅጠል ያለው፣ ውኃ ያዘለ የግራዋ ቅርንጫፍ ሰጡኝ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት የእሳት ምላስ በደረቁ ሣር ላይ ወደ ክምሩ ስትሳብ አየሁና እየዘለልሁ መቀጥቀጥ ጀመርሁ፤ ፍንጣሪው ወደ ላይ ተበተነ። «አትግረፈው! ተጫነው!» ብለው ጮኹ። ከዚያ መጥተው እጄን ይዘው አሳዩኝ፤ ቅጠሉን አስተኝቶ መጫን፣ ጥቂት መቆየት፣ ቀጥሎም ወደ ተቃጠለው መሬት መሳብ። እሳቱ ጢሱን ለቆ ሞተ። የግራዋው መራራ ሽታ እስከ ማታ ከእጄ አልለቀቀም።

አባባሉ የተወለደው ከእንዲህ ያለ ማሳ ነው ብዬ አምናለሁ። ማሰሪያ አንቀጽ የለውም፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ ይቀራል። «አጥፋው» ወይም «ያዘው» ለማለት ጊዜ ያልነበረው ሰው ከማሳው ዳር የጮኸው ጩኸት ይመስለኛል። ሁለቱ ቃላት በድምፅ መግጠማቸውም ቢሆን የገበሬ ብልሃት እንጂ የሥርወ ቃል ዝምድና አይደለም፤ «ቅጠል» የሚዛመደው ከግእዙ «ቈጽል» ጋር ነው። ጩኸት ከሩቅ የሚሰማው ቤት ሲመታ ነው፣ ልጅም የሚይዘው እንደዚያ ሲሆን ነው።

እንግዲህ ስለ አገሮች ጠብ ከተነሣ፣ እሳቱም ቅጠሉም በእኛው ታሪክ ውስጥ አሉ። በኦጋዴን፣ ወልወል ላይ የኢትዮጵያና የጣልያን ወታደሮች ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲጋጩ ጢሱ ታየ። የጣልያን ጦር ከኤርትራ ተነሥቶ የመረብን ወንዝ በመሻገር የወረረን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ አሥር ወር ነበር። ዛፉም ቆሞ ነበር፤ የመንግሥታቱ ማኅበር ቃል ኪዳን 16ኛ አንቀጽ፣ ቃሉን አፍርሶ ጦርነት በሚከፍት አባል ላይ ሌሎቹ ንግድና ገንዘብ እንዲያቋርጡ ያዝዛል። ነገር ግን ቅርንጫፉን ቀድሞ የቆረጠ አልነበረም። ምን ይከልከል፣ ማን ይከልክል የሚለው ዝርዝር የተጻፈው እሳቱ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ማዕቀቡም ሥራ ላይ የዋለው ኅዳር 8፣ ከወረራው 46 ቀን ዘግይቶ።

ቅጠሉም ክትክታ ነበር። ለጣልያን እንዳይሸጡ ከተከለከሉት ውስጥ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል በስም ተጽፈዋል። ጎማና ቆርቆሮም አሉ። የጭነት መኪናውንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ግን አልተከለከለም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣልያን መርከቦች ክፍት ነበር። ይህን ዝርዝር ባነበብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የአሜሪካ የገለልተኝነት ሕግ ደግሞ ነሐሴ 25 ቀን 1927 ዓ.ም. ጸድቆ ነበር፤ እሱ ቀድሟል። ይሁን እንጂ የጦር መሣሪያ ሽያጭን ለወራሪውም ለተወራሪውም እኩል ስለከለከለ፣ የጎዳው የራሱ ፋብሪካ ያልነበረውን ነው። ጦራችን መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ተሸነፈ፣ አዲስ አበባም ሚያዝያ 27 ተያዘች። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ተናገሩ፤ ማዕቀቡ ሐምሌ 8 ቀን ተነሣ። ሙሶሊኒ በ1931 ዓ.ም. መስከረም ሙኒክ ላይ፣ ነዳጅ ተከልክሎ ቢሆን ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከአቢሲኒያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ ለሂትለር እንደነገረው የሂትለር አስተርጓሚ ጽፏል። በሳምንት ውስጥ!

ዛሬ በአንዳንድ ምክር ቤቶች «እገሌ እገሌን ቢወር እነዚህ ባንኮች ይዘጋሉ፣ ይህ ንግድ ይቆማል» የሚል ሕግ ወረራ ሳይኖር አስቀድሞ ለማውጣት ሲሞከር አያለሁ። ለእኔ ይህ ነው ቅጠል ቆርጦ መጠበቅ። ወራሪው ከመነሣቱ በፊት ዋጋውን ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. ጥር የአሜሪካ ሴናተሮች በሩሲያ ላይ እንዲህ ያለ ሕግ ይዘው፣ ማዕቀቡ ከወረራው በፊት ይሁን ወይስ በኋላ እያሉ ሲከራከሩ ሕጉ ሳይጸድቅ ቀረ። የካቲት 17 ቀን ታንኩ ዩክሬን ገባ። ቀድሞ የወጣ ሕግ ያንን ጦር ያስቀር ነበር ብዬ አልምልም፤ ክትክታም ግራዋም አለና። ቅጠል ቆረጣውን እሳቱ ሣሩን እስኪይዝ ማቆየት ግን እኛ ዘንድ የሞኝ ሥራ ነው።

የሬዲዮው እንግዳ ይህን ቢሰሙ እወዳለሁ። ጎረቤትን ቀድሞ መምታት ማሳውን ራስ መለኮስ ነው። ይህን የሚሹ ሰዎች ሐሳባቸውን በራሳቸው ቃል ይናገሩ፤ «አትግረፈው፣ ተጫነው» ካሉ ገበሬዎች አፍ የወጣውን አባባል ለጦር መቀስቀሻ አያውሉብን።