አእምሮህን ባዶ አድርግ አይልህም፦ ስለ ማይንድፉልነስ ሕክምና የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ማይንድፉልነስን ብዙዎች «ተመስጦ» ብለው ይተረጉሙታል። እኔ «ልብ ማለት» ይሻላል ባይ ነኝ። ተመስጦ ካሉበት ርቆ መሄድ ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ያሉበትን ማየት ነው። ግማሹ ስህተት ከዚሁ ትርጉም የሚመጣ ይመስለኛል።

«አእምሮን ከሐሳብ ባዶ ማድረግ ነው»

ይህን የቻለ ሰው አላውቅም፤ ቴራፒስቱም (በንግግርና በልምምድ የሚያክመው ባለሙያ) አይጠይቅህም። ትንፋሽህን መከታተል ትጀምራለህ፤ ሳታስበው የቤት ኪራይ ስታሰላ ራስህን ታገኘዋለህ። «ሐሳቤ ሄዷል» ብለህ ትመለሳለህ። ልምምዱ ያቺ መሄዱን ያወቅህባት ቅጽበት ናት፤ ሃያ ጊዜ ቢሄድ ሃያ ጊዜ መመለስ ነው። ጥቅሙ? ድብርት ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚመጣው ሐሳብን በማብሰልሰል በኩል ነው። «እኔ ምንም አልረባም» የሚለውን እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ አላፊ ሐሳብ ማየት የለመደ ሰው ማብሰልሰሉን ገና ሲጀምር ይነቃበታል። የዚህ ሕክምና የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ብዙ ጊዜ በአንዲት ፍሬ ዘቢብ ይጀመራል፦ ማየት፣ መዳሰስ፣ ማሽተት፣ ቀስ ብሎ ማኘክ። «ለዚህ ነው የከፈልኩት?» የሚል አይጠፋም።

«የቡድሃ አምልኮ ነው»

ለጸሎተኛ ሐበሻ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሥሩ ከቡድሂዝም መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም። የሞለኪውላር ባዮሎጂ ምሁሩ ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ሕመማቸው በተለመደው ሕክምና ላልቀለለላቸው ሰዎች፣ ኋላ የ8 ሳምንት የሆነውን ሥልጠና ሲጀምር ልምምዱን ወስዶ አምልኮውን ተወ። የሚሰገድለት የለም። ያም ሆኖ ኅሊናህ ካልተቀበለው ለቴራፒስትህ ንገረው፤ ጥሩ ቴራፒስት አይከራከርህም፣ ሌላ መንገድ ይፈልግልሃል።

«ትንፋሽ የሚያስተምር ሁሉ ቴራፒስት ነው»

አይደለም። በአሜሪካ ፈቃድ ያለው ሳይኮቴራፒስት ቢያንስ ማስተርስ ዲግሪና በሌላ ባለሙያ ክትትል የተሠራ ልምምድ ሊኖረው ይገባል። በዚህ ዘዴ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ራሱም አዘውትሮ መለማመድ ይጠበቅበታል። «የት ተማርክ? አንተስ ትለማመዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

«ባይጠቅም አይጎዳም» የሚሉም አሉ። ከባድ በደል ወይም ጦርነት ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ያ ትዝታ ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ቴራፒስት መጀመሪያ ታሪክህን ይጠይቃል፤ ካስፈለገም ዓይንህን ገልጠህ፣ እግርህ መሬት መንካቱን እያስተዋልህ ያለማምድሃል። ለሁሉም እኩል አይሠራም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ቲስዴልና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ድብርት ከያዛቸው መካከል በተለመደው ክትትል ብቻ የቆዩት 66 በመቶው ሲያገረሽባቸው፣ ከካባት-ዚን ሥልጠና ተነሥቶ ለድብርት የተዘጋጀውን ሥልጠና ከወሰዱት ግን 37 በመቶው ነበሩ። ሁለት ጊዜ ብቻ በታመሙት ላይ ግን ጥቅም አልታየም።

መድኃኒትን ይተካል የሚለውስ? በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት 276 የጭንቀት ሕሙማንን አነጻጽሮ፣ የካባት-ዚን የ8 ሳምንት ሥልጠና ኤሲታሎፕራም ከተባለው የጭንቀትና የድብርት ኪኒን እንደማያንስ አሳይቷል። ኪኒን የጀመረ ሰው ግን ይህን አንብቦ በራሱ አያቋርጥ፤ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።