የግራፊክስ ካርድ «ድጋፍ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ሊኑክስ በጫነበት ኮምፒውተር ላይ መስኮቶች ሲጎተቱ እየተንቀረፈፉ ያስቸገሩትን ሰው «ካርድህ ደካማ ስለሆነ ሊኑክስ አይደግፈውም፤ ጠንከር ያለ ግዛ» ሲል መከረው። በዚህች አጭር ምክር ውስጥ የካርዱ ጉልበትና የድራይቨሩ (ሊኑክስን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ድጋፍ እንደ አንድ ነገር ተቆጥረዋል። ስህተቱን ደጋግሜ ስላየሁትና ሰዎችን ያለ አግባብ ገንዘብ ስለሚያስወጣ፣ «ድጋፍ» የሚለው ቃል በዚህ ሙያ ምን ማለት እንደሆነ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

የመስኮት ጥላ፣ ከኋላው ያለውን የሚያሳይ መስኮት፣ ሲዘጋ እየሳሳ የሚጠፋ መስኮት፣ ሁሉም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው። ቀድሞ ፕሮግራሞች በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ይስሉ ነበር፤ ድግስ ላይ ወጥ የሠራች ሁሉ ጭልፋዋን ይዛ ዳስ እየገባች መሶቡ ላይ እንደምትጨልፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከኤክስ.ኦርግ 6.8 (በአጭሩ ኤክስ፣ የሊኑክስን ስክሪን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ጋር የመጣው ኮምፖዚት የተሰኘ ኤክስቴንሽን ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም በየራሱ ድስት፣ ማለትም ከስክሪኑ ውጭ በተለየ የሜሞሪ ቦታ፣ እንዲሠራ አስቻለ። ከዚያ ወዲያ ድስቶቹን ተረክቦ መሶቡን የሚያሰናዳው አንድ አሳላፊ ብቻ ነው፤ እርሱም ኮምፖዚተር ይባላል። ዛሬ ኤክስን እየተካ ባለው የዌይላንድ ሥርዓት ያለዚህ አሳላፊ ምንም ነገር ስክሪን ላይ አይወጣም።

ወሳኙ ጥያቄ ድስቱ ከወጥ ቤት ወደ አሳላፊው እጅ እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው። ድራይቨሩ የመስኮቱን ምስል ካለበት ሳያነሳ ለካርዱ እንደ ቴክስቸር (ካርዱ በቀጥታ የሚስልበት ምስል) ማስረከብ ከቻለ፣ አሳላፊው ድስቱን እንደ ትኩስነቱ ይቀበላል። ካልቻለ ግን ምስሉ በተለወጠ ቁጥር በሲፒዩ በኩል ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ አለበት፤ ወጥ ሲገለባበጥ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ መስኮቱም እዚህ ላይ ይንቀረፈፋል። በኤክስ ዘመን ይህን ርክክብ የሚፈቅደው ኤክስቴንሽን «ቴክስቸር ፍሮም ፒክስማፕ» ይባል ነበር፤ ኮምፒዝን የመሰሉ ኮምፖዚተሮች ሲነሡ መጀመሪያ የሚፈልጉትም እርሱን ነበር። ምድጃው፣ ማለትም ካርዱ፣ የቱንም ያህል ቢበረታ በወጥ ቤቱና በዳሱ መካከል በር አይከፍትም።

ይህን ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። ኖቬል የተባለው ኩባንያ ኮምፒዝን ለሕዝብ ያቀረበው በ2006 መጀመሪያ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር የወጣው የሊኑክስ ስርጭት ፌዶራ ኮር 6 ደግሞ፣ ኤክስ ራሱ በካርዱ ጉልበት እንዲጠቀም የሚያደርገውን ኤአይጂኤልኤክስ የተባለውን ዘዴ ይዞ የዴስክቶፕ ማስዋቢያዎቹን ለተጠቃሚ አደረሰ። በዚያን ጊዜ ከማዘርቦርድ ጋር የተዋሐደውና ለጨዋታ ማንም የማይመርጠው የኢንቴል ግራፊክስ፣ ድራይቨሩ ክፍት (ኮዱ ለማንም የተገለጠ) ስለነበረና ርክክቡን ስለሚያውቅ፣ መስኮቶቹን በምቾት ያንቀሳቅስ ነበር። በጉልበት እጅግ የሚበልጡት የኤቲአይ ኤክስ1000 ካርዶች ግን ክፍት የሆነ የሦስት አውታር ድራይቨር አልነበራቸውም፤ የኩባንያው ዝግ ድራይቨርም ኤአይጂኤልኤክስን መደገፍ የጀመረው በኦክቶበር 2007 ነው። እስከዚያ ድረስ ባለቤቶቻቸው ኤክስጂኤል በተባለው ጠመዝማዛ መንገድ ለመሄድ ተገደው ነበር። ካርዱ ያው ካርድ ነው፤ በዚያች ወር የተለወጠው ሶፍትዌሩ ብቻ ነው። ጉዳዩ የጉልበት ቢሆን ኖሮ መስኮቱ የተንቀረፈፈበት ሰው የኢንቴሉን ጥሎ የኤቲአዩን ሲገዛ ከችግሩ ይወጣ ነበር፤ በ2006 ግን ምክሩን የተከተለ ሰው ወደ ችግሩ ይገባ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ክፍት ድራይቨር ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ መደምደምም አይገባም። የኤንቪዲያ ዝግ ድራይቨር ይህንኑ ኤክስቴንሽን በ2006 ደግፏል። በአንጻሩ ኑቮ የተባለው የኤንቪዲያ ካርዶች ክፍት ድራይቨር ርክክቡን አሳምሮ እያወቀ በሌላ ነገር ይሰናከላል፤ ከጂቲኤክስ 900 ተከታታይ ጀምሮ ካርዶቹ በኩባንያው የተፈረመ ፈርምዌር (ካርዱ ውስጥ የሚሠራ ሶፍትዌር) ስለሚጠይቁ፣ ኑቮ በ900ና በ1000 ተከታታዮች ላይ የካርዱን ፍጥነት ከፍ ማድረግ አልቻለም። በሩ ተከፍቷል፣ አሳላፊውም ቆሟል፤ የምድጃው መቆጣጠሪያ ግን በዝቅተኛው እሳት ላይ ተቆልፏል። በአዲሶቹ ካርዶች፣ ከቱሪንግ ትውልድ ወዲህ፣ በጃንዋሪ 2024 የወጣው የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) 6.7 ይህን ቁልፍ ፈትቶታል። ስለዚህ በእኛ ሙያ «ይደገፋል» ስንል ሁልጊዜ የትኛው ካርድ፣ በየትኛው ድራይቨር፣ በየትኛው ከርነል ብለን መጨመር ይኖርብናል።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስክሪኑ ምስል ስላሳየ ብቻ ካርዱ እየሠራ ነው ብሎ ማመን ነው። ሜሳ በተባለው የግራፊክስ ሶፍትዌር ስብስብ ውስጥ ያለው ኤልኤልቪኤምፓይፕ የካርዱን ሥራ በሲፒዩ ተክቶ ስለሚሠራ፣ ጥላውም ግልጽነቱም ይታያል፤ ሲፒዩው ግን መስኮት በተጎተተ ቁጥር ይጨነቃል። ግኖም የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ በ2013፣ በስሪት 3.8፣ ያለ ማስዋቢያ የሚሠራውን አማራጭ ያስወገደው በዚህ ምትክ ተማምኖ ነው፤ በዚህም የተነሣ የድራይቨር ጉድለት እንደ ቀድሞው በግልጽ መታየቱ ቀርቶ እንደ ዝግታ ብቻ ይሰማል።

ስለዚህ ያን ሰው አዲስ ካርድ ግዛ ከማለት በፊት ጂኤልኤክስኢንፎ የተባለውን ትእዛዝ አስነሥቶ የኦፕንጂኤል ሬንደረር የሚለውን መስመር እንዲያነብ መጠየቅ ይገባ ነበር። እዚያ ላይ የካርዱ ስም ሳይሆን ኤልኤልቪኤምፓይፕ ከተጻፈ፣ የተወቀሰው ካርድ ሥራውን ገና አልጀመረም።