ስቴጅኮች ምንድን ነው? የመድረክ ሰረገላ አይደለም

«መድረኩ ተዘረፈ!» ይላል የድሮ ካውቦይ ፊልም ላይ የተጻፈው የአማርኛ ትርጉም። ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ፣ አሁንስ በዛ። የተዘረፈው ሰረገላ ነው። አሜሪካኖቹ ተሳፋሪና ፖስታ የሚያመላልሰውን የፈረስ ሰረገላ፣ ስቴጅኮችን፣ አሳጥረው «ስቴጅ» ስለሚሉት ተርጓሚው መድረክ አደረገው።

ይህን ስል አንድ አስተያየት ሰጪ «ስቴጅ መድረክ ነው፣ መዝገበ ቃላት ግለጥ» አለኝ። ወንድሜ፣ እስከ ታች አንብበው። እዚህ ላይ ስቴጅ ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው ያለው መንገድ ነው። እኛም ቃሉ አለን፦ ምዕራፍ። ከ«ዐረፈ» የመጣ ነው፤ በግእዝ ማረፊያ ቦታም ማለት ነው።

ዱላ ቅብብልን አስቡ። ሯጮቹ ፈረሶቹ ናቸው። በየጣቢያው የደከሙት ይፈታሉ፣ ያረፉት ይጠመዳሉ። ዱላው ተሳፋሪው፣ ፖስታውና ነጂው ከመቀመጫው ሥር የሚይዘው የገንዘብ ሣጥን ነው። ነጂው ራሱ መንገድ ላይ ይቀየራል። ዱላው ግን ሌሊትም አያርፍም። በ1858 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የበተርፊልድ የፖስታ ሰረገላ መስመር ከሚዙሪዋ ሴንት ሉዊስ ተነስቶ፣ በአሪዞናዋ ቱሳን በኩል ሳን ፍራንሲስኮ ለመድረስ 25 ቀን ተሰጥቶት ነበር። መንገዱ 4,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈረስ ሳይቀየር አይሞከርም። (ፈረስ ልበል እንጂ፣ በረሃው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ። ሰረገላውም ፊልም ላይ የምናየው፣ ኮንኮርድ የሚባለው ያማረ ሰረገላ ሳይሆን ሸራ የለበሰ ቀላል ሰረገላ ነበር።)

ዘራፊውም ይህን ቅብብል ያውቃል። ዳገት ላይ ይጠብቃል። እዚያ እንስሳቱ ሩጫቸውን ትተው በእርምጃ ይሄዳሉ፤ ነጂው ቢገርፋቸውም አያመልጥም። «ሣጥኑን ወርውር!»

በ1928 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ኢን ኦልድ አሪዞና» የተባለው ፊልም የእንዲህ ዓይነት ዘራፊ ታሪክ ነው። ሲስኮ ኪድ የዘረፈውን ለሚወዳት ቶኒያ ያፈሳል፤ እሷ ደግሞ እሱን ለሚያስይዝ ለተመደበው ሽልማት ብላ ከሚያሳድደው ወታደር ጋር ትዶልትበታለች። ተዋናዩ ዋርነር ባክስተር በሲስኮ ኪድ ሚና ኦስካር ወስዷል። አሜሪካዊው ደራሲ ኦ. ሄንሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሲጽፈው ግን ሲስኮ ኪድ ጨካኝ ነፍሰ ገዳይ ነበር፤ ተወዳጅ ሽፍታ ያደረገው ሲኒማው ነው።

ተርጓሚዎች፣ እባካችሁ፦ «ስቴጁ ዘገየ» ካለ «ሰረገላው ዘገየ» በሉ። ይበቃል።