ኪትባሺንግ ምንድን ነው?

ልጆች ባሉበት ቤት የተሰበረ መጫወቻ አይጠፋም። ሦስት ጎማ የቀረው የጭነት መኪና፣ መርጨት ያቆመ የውሃ ሽጉጥ፣ ጭራው የተገነጠለ ሄሊኮፕተር። አብዛኛው ወይ ይጣላል ወይ ለቆራሌው ይሰጣል። ኪትባሺንግ ማለት እነዚህን የመሳሰሉ ነገሮች ፈታቶ፣ የአንዱን ክፍል ከሌላው ጋር አገጣጥሞ፣ ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር መሥራት ነው።

ዘዴውን አጥብቀው ከያዙት መካከል አክሽን ፊገር ሰብሳቢዎች አሉ። አክሽን ፊገር እጅና እግሩ የሚታጠፍ፣ በፈለጉት አኳኋን የሚቆም የጀግና ቅርጽ ነው። ስሙ የተለመደው ሃስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ጂ.አይ. ጆ የተባለውን የወታደር ቅርጽ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። ጀግናው መደርደሪያ ላይ እንዲሁ ሲቆም ዕቃ ነው። በኪትባሺንግ ከኋላው ግድግዳ፣ ከእግሩ ሥር መሬት ሲሠራለት ግን አንድ ቦታ ላይ አንድ ነገር እየሠራ ያለ ሰው ይሆናል።

ዘዴው ለፊልምም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 ለወጣው ስታር ዋርስ ለተባለው ፊልም የጠፈር መርከቦቹን የሠሩት ባለሙያዎች የታንክና የአውሮፕላን ሞዴሎች እየገዙ፣ ክፍሎቻቸውን መርከቦቹ ላይ ለጥፈዋል። ተመልካቹ ግን ያየው ግዙፍ መርከብ እንጂ የታንክ ቁራጭ አይደለም። ይህን ያደረጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ልክና ቀለም።

ልኩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያ ነውና። በብዛት ከሚሰበሰቡት አክሽን ፊገሮች አንዱ ዓይነት ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 1 ሜትር ከ80 የሆነ ሰው ለ12 ሲካፈል ማለት ነው። እንግዲህ የምንሠራውን ሁሉ ለ12 እናካፍላለን። ለምሳሌ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የሚመስል ጎሚስታ ቤት እንሥራ። የመኪና ጎማ ቁመት 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የእኛ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የትልቅ መጫወቻ መኪና ጎማ ልክ ይመጣል። 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነው ደግሞ ለባጃጅ ይሆናል። አራት አምስቱን ደራርቦ በር ላይ ማቆም ነው። የውሃ ሽጉጡ የውሃ መያዣ ተኝቶ ሲቀመጥ ኮምፕሬሰር ነው። የተበላሸ ኢርፎን ገመድ የኮምፕሬሰሩ የንፋስ ቱቦ ይሆናል። የባትሪ ቤቱ ስፕሪንግ ለባጃጁ ሞላ ያገለግላል። ጣሪያው ከካርቶን ይሠራል፦ የላይኛውን ወረቀት በውሃ አርሶ ሲላጡት ከሥሩ ቆርቆሮ የመሰለ ሞገድ ይወጣል።

እኔ ለጀማሪ ከጠፈር ጣቢያ ይልቅ ጎሚስታ ቤትን የምመክረው በምክንያት ነው። ጠፈር ጣቢያ ምን እንደሚመስል አብዛኞቻችን በቅርበት አናውቅም። ጎሚስታ ቤትን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሩ ካጠረ ወይም ጎማው ከተለቀ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት ጎማውን የሚያስነፋ ጀግና ደግሞ የትም ሱቅ አይሸጥም።

ቀለሙ ቀላል ነው። ሁሉም ክፍል መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይሻካር፣ ከዚያ አንድ ዓይነት ግራጫ ይቀባ። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው ፕላስቲክ ግራጫ ሲሆን ከየት እንደመጣ መለየት ያቅታል። በላዩ ላይ ቡናማ ቀለም በስፖንጅ ጫፍ ጠቅ ጠቅ ሲደረግ ዝገት ይመስላል። መሬቱን የእንጨት ኮላ ቀብቶ ወንፊት ያለፈ ደረቅ አፈር መነስነስ ነው። እንደ ጎማ ለሚለጠጥ ፕላስቲክ ዘይት ቀለምና ስፕሬይ አይሁን፤ ብዙ ጊዜ ሳይደርቅ እንዲሁ እጅ ላይ እየተጣበቀ ይቀራል። በውሃ የሚበጠበጠው ይሻላል።

ማጣበቂያ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ጠንካራውና ሲታጠፍ ቀጭ የሚለው ፕላስቲክ በሱፐር ግሉ ይያዛል። ሲነኩት ሰም ሰም የሚለው ግን የቱንም ያህል ቢቀቡት ይላቀቃል፤ የፕላስቲኩ ባሕርይ ነው። እሱን በስቶ በብሎን ወይም በቀጭን ሽቦ ማሰር ነው። ለዚህ ነው መጫወቻ ሲፈታ ትንንሾቹ ብሎኖች መጣል የሌለባቸው። የቆየ ባትሪ ካለ ግን አስቀድሞ ይውጣ፤ ክብ ክቦቹ ትንንሽ ባትሪዎች በተለይ ሕፃን እጅ እንዳይገቡ። ቢዋጡ ጉሮሮ ያቃጥላሉ።

ጀግናው እንዳይወድቅስ? ብዙዎቹ አክሽን ፊገሮች ውስጥ እግራቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። የመጫወቻ መኪና ጎማዎችን የሚያገናኘው ቀጭን ብረት ተቆርጦ ወለሉ ላይ ሲተከል እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ከሰፋ ብረቱን በፕላስተር ጠቅለል ማድረግ ነው።

የሚቀመጥበት ቦታም ይታሰብበት። ለስላሳው ፕላስቲክ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልስና ጀግናው ከቁርጭምጭሚቱ መዝመም ይጀምራል፣ ፀሐይ ደግሞ ቀለሙን ታነጣዋለች። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቀዝቀዝ ትላለች። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች። እዚያ ያለ ሰው መደርደሪያውን ከመስኮት ያርቅ፤ ደሴም ቢሆን የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ አይመረጥም።